እስከ ፋሲካ የቆየ ወረቀት

ሞጣ፣ የካቲት 11 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለክቡር አባቴ ለመምሬ አካለ ወልድ፣ ቢቸና

አባቴ ሆይ፣ ጉልበትዎን ስሜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ደብዳቤዎ በአቶ ደምለው የጭነት መኪና ሾፌር እጅ ትናንት ደረሰኝ። «ስለ ደረትህ አትሸፍንብኝ» ብለው ስላዘዙኝ ሳልሸፍን እጽፋለሁ። ሳሉ ከጥምቀት ወዲህ አልለቀቀኝም። ባለፈው ሳምንት በመጋዘኑ ጤፍ ስናስመዝን ደም ተፋሁ። በዚያ ሰዓት አቶ ደምለው መጋዘናቸውን ሊጎበኙ መጥተው ከሚዛኑ አጠገብ ቆመው ነበርና በዓይናቸው አይተዋል፤ «ሥራው ይቆይልህ፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ» ብለው ያሰናበቱኝም እርሳቸው ናቸው። ሐኪሙ ሳንባዬ መጎዳቱን ነግሮኝ፣ አራት ወር ከሥራ አርፌ በየቀኑ መርፌ እንድወጋ አዘዘ፤ ይህንም ማኅተም ባለበት ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ።

የማስቸግርዎ በዚህ ወረቀት ምክንያት ነው። የመጋዘን ሹማችን ውበቴ «ያለ ጌታው ፊርማ ለታመመ ሰው ደመወዝ አልከፍልም፤ ወረቀቱ እርሳቸው ወዳሉበት ቢቸና ይሂድ» አለኝ። በፍርድ ቤቱ ደጃፍ የሚቀመጡትን ማመልከቻ ጸሐፊ ብጠይቃቸው፣ ያለ ጥፋቱ የታመመ ሠራተኛ ሕጉ በወሰነው ልክ ደመወዙን እንደሚያገኝ፣ አሠሪውም እንዳሻው ሊያዘገየው እንደማይችል አረጋገጡልኝ። «የሕመም ደመወዝ ሲድኑ የሚቀበሉት ሳይሆን እንዲድኑ የሚሰጥ ነው» አሉኝ። መርፌ ወጊው ድሬሰር በዱቤ አይወጋም፤ እኔም ከወር ደመወዜ በቀር መተዳደሪያ እንደሌለኝ ያውቃሉ። ስለዚህ ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። አቶ ደምለው የንስሐ ልጅዎ ናቸውና በእርስዎ እጅ ከሄደ እንደማይጠፋ፣ እንደማይዘገይም አምናለሁ። መቀበላቸውን ይፈርሙበት ዘንድ ብቻ ነው ልመናዬ።

ታዛዥ ልጅዎ ኃይለ ጊዮርጊስ


ቢቸና፣ የካቲት 26 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለልጄ ለኃይለ ጊዮርጊስ፣ ሞጣ

የምሕረት አምላክ ደረትህን ይዳስስልህ። ወረቀትህ በእጄ ገብቷል። በጊዜው ለሚገባው ሰው ይደርሳል፤ «መቼ» ብለህ አትጠይቀኝ። የምጠብቅበት ምክንያት አለኝ፤ ምክንያቱ የእኔ ብቻ ስላልሆነ በደብዳቤ አላሰፍረውም።

ስለ ሕጉ የጻፍኸውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ልጄ፣ ሃያ ስምንት ዓመት በክህነት ስኖር ላልቆምሁበት ቅዳሴ ድርጎ ተቀብዬ አላውቅም። ወባ ጥሎኝ ሁለት ወር በተኛሁበት ዘመን ገበዙ ድርሻዬን በአህያ ጭኖ ቢልክልኝ ሳላስወርድ መለስሁት። እናትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አንተ ሰውዬ፣ አህያውን እንኳ ውኃ እናጠጣው» ብላ ከመቀለድ በቀር አልተቃወመችኝም። ያልደከሙበትን መብላት አንገት ያስደፋል። አንተ የምትጠይቀው ከምጽዋት የሚለየው በምን እንደ ሆነ አስቀድመህ ለራስህ አስረዳ፤ እኔን ገና አላስረዳኸኝም።

ሁዳዴ ገብቷል። ሐኪሙ ወተት ጠጣ ማለቱን ከላክኸው ወረቀት አይቻለሁ። ለታመመ ሰው ጾም አይጸናበትምና ጠጣ፤ ይህን እኔ ፈቅጄልሃለሁ። ለጉሮሮህ የሚሆን አንድ ቅል ማር በዚሁ ሰው እጅ ልኬልሃለሁ።

አባትህ አካለ ወልድ


ሞጣ፣ መጋቢት 17 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለክቡር አባቴ

ቡራኬዎን ከማሩ ጋር ተቀበልሁ፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ወተቱን እንደ ፈቀዱልኝ እየጠጣሁ ነው። የጎረቤቴ የጨርቅ ነጋዴው የአቶ ከሊፋ ባለቤት ወይዘሮ ኸይራት በየጧቱ ይልኩልኛል። አቶ ከሊፋም በየቀኑ ሊጠይቀኝ ይመጣል። ትናንት አልጋዬ ጫፍ ተቀምጦ «የእናንተ ጾም ከእኛ ጾም ይረዝማል፤ የደምለው ደመወዝ ግን ከሁለቱም ይረዝማል» ብሎ አሳቀኝ። ሳቁ ወደ ሳል ስለተለወጠብኝ ግን ወይዘሮ ኸይራት ተቆጥተው አስወጡት።

መርፌውንም እየተወጋሁ ነው፤ አያስቡ።

አባቴ፣ ምጽዋትና መብት በምን እንደሚለዩ አስረዳ ብለውኛል። እኔ በእርስዎ ፊት ልከራከር አልደፍርም፤ መልሱን ከራስዎ ደብዳቤ አገኘሁት እንጂ። ለታመመ ሰው ጾም አይጸናበትም ብለው ጽፈዋል። ያልጾመው ሰው ግን ስሙ ከምእመናን አይፋቅም፤ ፋሲካም ሲደርስ ከማዕዱ አይከለከልም። ጉልበት ባጣበት ወራት ቤተ ክርስቲያን ትሸከመዋለች። ሕጉም እኔን በዚህ መጠን ብቻ ተሸከመው ነው የሚለው። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳልቀር የሠራሁበት ቤት አራት ወር ቢሸከመኝ አንገቴን የምደፋ አይመስለኝም።

አሁን አንገቴን ያስደፋኝ ሌላ ነው። ማክሰኞ ዕለት ስለ ደመወዜ ልጠይቅ እያረፍሁ እየተነሣሁ መጋዘን ብሄድ፣ ውበቴ በሠራተኛው ሁሉ ፊት «ወረቀት ያልደረሰለት ሕመም እዚህ ቤት ስሙ ስንፍና ነው» አለኝ። የሣቁም ነበሩ። በመዝገቡም ከስሜ አጠገብ «ከሥራ ጠፋ» ተብሎ ተጽፏል። ለፍርድ ቤት ላመልክት ብል፣ ማመልከቻ ጸሐፊው፣ አሠሪው ወረቀቱን የተቀበሉበት ቀን እንደሚያስፈልግ ነገሩኝ። እባክዎ፣ አቶ ደምለው የተቀበሉበትን ቀን ብቻ ይጻፉልኝ፤ እንዳመለክትም ይፍቀዱልኝ።

ልጅዎ ኃይለ ጊዮርጊስ


ቢቸና፣ ሚያዝያ 13 ቀን 1962 ዓ.ም.

በሰሙነ ሕማማት ሰላምታ አንሰጣጥም፤ ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ያለ ሰላምታ ይጀምራል።

የጠየቅኸኝን ቀን አልጽፍልህም። ለፍርድ ቤት እንዳታመለክትም በአባትነቴ አዝዤሃለሁ። ደምለው በእኔ እጅ ያለ ነፍስ ነው። የአባቱን የንስሐ ልጅ ዳኛ ፊት ያቆመ ሰው፣ አባቱንም አብሮ ማቆሙን ይወቀው። ስለ ጾሙ የጻፍኸውን አሰብሁበት፤ መልስ አላገኘሁለትም። መልስ ማጣቴ ግን ፈቃድ አይደለም። ከፋሲካ በኋላ ሁሉም ይስተካከላል።

መርፌህን አታቋርጥ።

አካለ ወልድ


ሞጣ፣ ግንቦት 8 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለክቡር አባቴ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረስዎ። በሕማማት የቀረውን ሰላምታ ከዚህኛው ጋር ደርቤ አቅርቤያለሁ።

ትእዛዝዎን ተቀብያለሁ፤ አላመለከትሁም። የሐኪሙ ወረቀት በትንሣኤ ሳምንት ሐሙስ ዕለት ለአቶ ደምለው እንደ ደረሰ ውበቴ ነግሮኛል። ወረቀቱን እኔ የላክሁት በየካቲት ነበር። በመካከሉ የት እንደ ቆየ አልጠይቅዎትም። እርስዎ ያለ ምክንያት አንዲት ቀን የማያሳልፉ ሰው መሆንዎን አውቃለሁና፣ ምክንያትዎን ሳላውቀው አምኜዋለሁ።

እኔ ግን በደለኛ ነኝ። ስለ መርፌው ዋሽቼዎታለሁ። ከመጋቢት መባቻ ጀምሮ አልተወጋሁም። በዱቤ እንዲወጋኝ ድሬሰሩን ለሁለት ሳምንት ያህል ለምኜው ነበር፤ እርሱም የታዘዘ ሰው ነውና አልፈርድበትም። የትንሣኤን ማዕድ ከበላሁ በኋላ ውሸቱን ይዤ መቆየት ስለከበደኝ ነው የምነግርዎ። የቤት ኪራይም ስላልቻልሁ ከአቶ ከሊፋ ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል ገብቻለሁ። ክፍሏ ደረቅ ናት፤ ፀሐይም ታገኛለች።

ልጅዎ ኃይለ ጊዮርጊስ


ቢቸና፣ ግንቦት 27 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለልጄ ለኃይለ ጊዮርጊስ

ሰላመ እግዚአብሔር ካለህበት ድረስ ይድረስህ። አልጠይቅም ብለሃል። ሳትጠይቀኝ እነግርሃለሁ።

ደምለው ሁዳዴን ሙሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ቆሞ ሲያስቀድስ አገር አይቶታል፤ ስለዚህ ቀኖና ላይ እንደ ነበር ብጽፍ ምስጢር አላወጣሁም። ቀኖናውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ የሚፈታውም በእኔ ቃል ነበር። በዚህ ወራት ቤቱ ሄጄ ለገዛ ልጄ ገንዘብ ክፈልልኝ ብለው፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ» የሚለውን ቃል ዋጋ ተመንሁለት ማለት መሰለኝ። እርሱ እንዲህ ባያስብ አገር እንዲህ ይላል። ስለዚህ ወረቀትህን ሃምሳ አምስት ቀን በሣጥኔ ቆልፌ አስቀመጥሁት። እጄን ንጹሕ አድርጌ የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር። ያ ወራት ላንተ መርፌ ያጣህበት ወራት መሆኑን ከደብዳቤህ ተረዳሁ። በመጋቢት የጻፍህልኝን «እየተወጋሁ ነው» የሚለውን ቃል ያመንሁት እውነት ስለመሰለኝ ነው ወይስ ስለተመቸኝ፣ ይህን እግዚአብሔር ይመርምረው።

ሐሙስ ዕለት ወረቀቱን ይዤ ሄድሁ። ደምለው አንብቦ አጠፈውና «አባቴ፣ ኃይለ ጊዮርጊስ ለእኔ ወንድሜ አይደለምን? እንደ ባዕድ በወረቀት ልንነጋገርበት ነው?» አለኝ። መቀበልህን ፈርምልኝ አልሁት። ፊርማ ለማይተማመኑ ሰዎች እንደ ሆነ፣ ደግሞም ወረቀቱ ሁለት ወር ዘግይቶ መምጣቱን፣ ሌላ ሰው ቢሆን ከመዝገብ ይፍቀው እንደ ነበር፣ ለእኔ ሲል ግን ሞጣ ሲሄድ በገዛ እጁ እንደሚሰጥህ ነገረኝ። ደም ስትተፋ ቆሞ ያየ ሰው ወረቀት ዘገየብኝ ማለቱን ልጠይቀው አፌን ስከፍት፣ ያዘገየሁት እኔ መሆኔ ትዝ ብሎኝ ዘጋሁት። መስቀሌን ተሳልሞ እስከ ደጅ ሸኘኝ። ከቤቱ ስወጣ የጠየቅሁት ዕዳ ይሁን ውለታ ለእኔም ተምታቶብኝ ነበር።

ሞጣ የሚሄደው በሰኔ መጨረሻ ነውና እስከዚያ ታገሠው። የላክሁልህን ገንዘብ ለመርፌው አድርገው፤ ላሚቱ ተሽጣ ያወጣችው ይህን ብቻ ነው።

አባትህ


ሞጣ፣ ሐምሌ 20 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለክቡር መምሬ አካለ ወልድ

ይህን ልጅዎ እየነገረኝ የምጽፍልዎ እኔ በመጋዘኑ የሚዛን ሠራተኛ ፋንታ ነኝ። ከዚህ በታች ያለው ቃል የእርሱ ነው።

«አባቴ ሆይ፣ በሰው እጅ ስላስጻፍሁ ይቅር ይበሉኝ፤ ተቀምጬ መጻፍ አቅቶኛል። ስለ ላሚቱ ማዘኔን መግለጽ አልችልም። በላኩት ዐሥራ ስምንት ቀን ተወግቼ ነበር፤ ሐኪሙ ግን ተቋርጦ የተጀመረ መርፌ እንደ ፊተኛው አይሠራም አለኝ።

አቶ ደምለው በሰኔ መጨረሻ መጥተው ነበር። በሰው ተደግፌ መጋዘኑ በር ላይ ጠበቅኋቸው። ከመኪናው ሳይወርዱ «የአንተን ነገር ከአባትህ ጋር ጨርሰነዋል» ብለውኝ ሄዱ። አባቴ፣ ከእርስዎ ጋር ምን ጨረሱ? ይህን ይጻፉልኝ። ያላለቀ እንደ ሆነ ደግሞ እንዳመለክት ይፍቀዱልኝ። አሁን ለገንዘቡ ብዬ አይደለም። በመዝገቡ ከስሜ አጠገብ ‹ከሥራ ጠፋ› ይላል፤ የእርስዎ ልጅ ከሥራ የጠፋ ተብሎ ተጽፎ መቅረቱን አልወደድሁትም። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ወንዙም ሞልቷልና አይምጡ።»

መምሬ፣ ከዚህ በታች ያለውን እርሱ አላስጻፈኝም። አይምጡ ያለው ለጉልበትዎ አዝኖ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላል። እኔም በሰኔ ኩንታል እግሬ ላይ ወድቆብኝ ተኝቻለሁ፤ የሐኪም ወረቀት ይዣለሁ። የልጅዎን መጨረሻ ሳላይ ወረቀቴን ለማቅረብ ፈርቻለሁ።


ቢቸና፣ ሐምሌ 30 ቀን 1962 ዓ.ም.

ልጄ ሆይ፣

ምንም አልጨረስንም። በሰኔና በሐምሌ ሦስት ጊዜ ደምለው ቤት ሄጃለሁ፤ ሦስት ጊዜ ምሳ አቅርቦልኝ ሳልበላ ተመልሻለሁ። ጨረስን ያለው ሐሰት ነው፤ እኔም በፍርድ ቤት ቆሜ ሐሰት መሆኑን እመሰክራለሁ።

አመልክት። አባትህ ፈቅዷል። ቀድሞ መከልከሌ ስሕተት ነበር፤ የሚገባህን ነው የጠየቅኸው። ምጽዋት ብዬ የጠራሁትን ቃል መልሼ ወስጃለሁ። ይህን ደብዳቤ ለዳኛው አሳይ፤ ወረቀቱ የዘገየው በእኔ መሆኑ ይነበብ፣ በአንተ ላይ እንዳይቆጠር።

ትናንት ተነሥቼ እስከ ወንዙ ደርሼ ነበር። የሚያሻግር ዋናተኛ አጣሁ። በጎደለ ቀን እሻገራለሁ፤ ጠብቀኝ።

አባትህ


ሞጣ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለመምሬ አካለ ወልድ

ፈጣሪ ያጽናዎ። መርዶውን የሚያረዱዎት ካህናት ከዚህ ደብዳቤ ቀድመው እንዲደርሱ አድርጌያለሁ። ልጅዎ ማክሰኞ ነሐሴ 5 ቀን ጧት ዐረፈ። የእኛም ሰዎች የእናንተም ሰዎች ተሸክመነው በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ኸይራት እስካሁን ክፍሉን አልከፈተችም።

ደብዳቤዎ ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። ለእርሱ የተጻፈ ስለሆነ ሳልከፍት መልሼ ልኬልዎታለሁ። አንድ ነገር ግን ልንገርዎ፤ ደብቄ መኖር አልቻልሁም። በየቀኑ «አባቴ ምን አለ?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ሰኞ ዕለት ሲደክምብኝ «ደብዳቤ መጥቷል፤ አመልክት ብለው ፈቅደዋል» አልሁት። «እንግዲያው ነገ ጸሐፊውን ጥራልኝ» ብሎ ፊቱ በራ። ውሸቴን ነው። በሟች ላይ የዋሸሁትን ይቅር ይበሉኝ።

ከሊፋ


ቢቸና፣ መስከረም 13 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለክቡር ወንድሜ ለአቶ ከሊፋ፣ ሞጣ

እርስዎና ወይዘሮ ኸይራት ለልጄ ያደረጋችሁለትን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ። ይቅር ይበሉኝ ብለው ጽፈዋል። ይቅርታ የሚያስፈልገው ነገር የለዎትም። ሳይከፍቱ የመለሱልኝ ደብዳቤ ውስጥ ያለው ቃል እርስዎ የነገሩት ቃል ነበር። ፈቅጄ ነበር። እርስዎ ሳያውቁት እውነቱን ነገሩት፤ እኔ እያወቅሁ አሳልፌዋለሁ።

ዐርባው እንዴት እንደ ዋለ ልንገርዎ። ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው፣ ሰዉ በዳሱ ውስጥ እንደ ተቀመጠ ደምለው መጣ። የሰባ በሬ አስነድቶ፣ በእጁም በፖስታ የታሸገ ገንዘብ ይዞ ነበር። ፖስታውን በፊቴ አኑሮ፣ ሁሉም እየሰማ «ለወንድሜ ለኃይለ ጊዮርጊስ ተዝካር» አለ። ሰዉ መረቀው። አንዱ «እንዲህ ያለ ጌታ ያለው ሠራተኛ ሞቶም አይዋረድ» ሲል ሰማሁ። እንደ ልማዳችን የሰጠውን ሰው ተነሥቶ መመረቅ የእኔ ድርሻ ነበርና፣ ሁሉም ወደ እኔ አየ።

ተነሣሁ። ፖስታውን አንሥቼ ስንት እንደ ሆነ ጠየቅሁት። የአራት ወር ደመወዝ ልክ መሆኑን በቀስታ ነገረኝ። «እንግዲያው ይህ ስጦታ አይደለም» አልሁት። «ልጄ በሕይወት ሳለ በየወሩ ሊቀበለው የሚገባ የሕመም ደመወዙ ነው።»

ደምለው አጠገቤ ቀርቦ «አባቴ፣ በተዝካር ቤት ክስ ይነበባል?» አለኝ።

«ልጄ በፍርድ ቤት እንዳያነብበው የከለከልሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ እኔ አነብበዋለሁ» አልሁ።

ከዚያም ለተሰበሰበው ሰው ሁሉን ነገርሁት። የሐኪሙን ወረቀት ሃምሳ አምስት ቀን መቆለፌን፣ በዚያ ወራት ልጄ ያለ መርፌ መሰንበቱን፣ ደምለውም ደሙን ቆሞ አይቶ ወረቀት መጠበቁን፣ ወረቀቱም ከደረሰው በኋላ ወንድሜ እያለ ሦስት ወር ማሳለፉን አንዱን ሳላስቀር ተናገርሁ። እኅቴ ወለተ ገብርኤል ይህን የሰማችው ያን ጊዜ ነው። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ከዳሱ ወጣች፤ እስከ ዛሬ አላነጋገረችኝም፤ አልፈርድባትም። በሬውን መለስሁ። ገንዘቡን ግን በደረሰኝ ተቀበልሁ። በደረሰኙ ላይ «የሟች ኃይለ ጊዮርጊስ የሕመም ደመወዝ፤ ከሥራ ያልጠፋ» ብዬ ጽፌ ፈርም አልሁት። ሰው ሁሉ እያየው ስለ ነበር ፈረመ። ልጄ በሕይወት ሳለ አንዲት ፊርማ ስንለምን የከረምንበት ሰው፣ ለመፈረም የፈጀበት ጊዜ አንድ ትንፋሽ ነው።

ደምለውን ሌላ የንስሐ አባት እንዲፈልግ ነግሬዋለሁ፤ እኔም ለራሴ የንስሐ አባት ተናዝዣለሁ። በስተእርጅና እጄ ንጹሕ ነው ብዬ እመካ ነበር። ንጹሕ እጅ ምን ያደርጋል፤ አልዘረጋሁለትም።

የሚዛን ሠራተኛው ፋንታ እግሩ ገና እንዳልዳነ ሰምቻለሁ፤ ወረቀቱንም ለማቅረብ የልጄን መጨረሻ ይጠብቅ እንደ ነበር በሐምሌ ራሱ ጽፎልኛል። መጨረሻው ይኸው ነው፤ ሌላ የሚጠብቀው የለም። ይንገሩልኝ፤ ዛሬውኑ ያመልክት። እኔም መስቀልን ሳልጠብቅ ነገ እነሣለሁ፤ በሚቀርብበት ቀን ከጎኑ ቆሜ የማውቀውን እመሰክራለሁ። እስከዚያው የሐኪሙን ወረቀት ከኪሱ አያውጣ። በሽማግሌ እጅ፣ በዘመድ እጅ፣ በካህንም እጅ አይላከው። እኔም ደርሼ ላድርስልህ ብለው አይስጠኝ።

አካለ ወልድ